ማጥፊያ የሌላት መብራት

ሰው ቤት ስሄድ ቁልፌን ከኪሴ ማውጣት ትቻለሁ። ሶፋ ላይ ስቀመጥ ጭኔን ይወጋኛል፤ እችለዋለሁ። አንዴ ጠረጴዛ ላይ ካሳረፍኩት ምን እንደሚከተል በቃሌ አውቀዋለሁና። ቡናው ከቶና ወደ በረካ ሲሻገር፣ ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል፣ እጁ ሥራ የፈታ አንድ ሰው ብድግ ያደርገዋል። ያገላብጠዋል። ከቁልፎቹ መሀል የተንጠለጠለችውን ትንሽ ብልቃጥ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ያስጠጋታል። መጫኛ ይፈልግባታል፤ የላትም። ሊያዞራት ይሞክራል፤ አትዞርም። ይነቀንቃታል፤ ድምፅ የለም።

«ምንድን ናት?»

«መብራት ናት።»

«የታል መብራቷ?»

«ሲጨልም ነው የሚታየው።»

«ባትሪዋ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«ባትሪ የላትም።»

«በፀሐይ ነዋ!»

«በፀሐይም አይደለም። በራሷ ነው። ቀንም ሌትም ትበራለች።»

እዚህ ላይ ዝም ይላል። ቁልፉን ቀስ አድርጎ ይመልስና፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳሎኑ እየጠበቀች የተቀበለችኝን ጥያቄ ያመጣታል፦

«እና ምን ታደርጋለች?»

ልብ በሉልኝ፤ ታበራለች ብዬ ጨርሻለሁ። መብራት «ምን ያደርጋል?» ተብሎ የሚጠየቅበት ቦታ ቢኖር የኔ ቁልፍ ዙሪያ ብቻ ነው። ደግሞ የጠያቂውን ሳሎን እዩት። ለንደን ከገባ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ግድግዳው ላይ ጭራ ሰቅሏል፤ እዚህ አገር ዝንብ በበጋ እንኳ የምትመጣው በቀጠሮ ነው። ብፌው ውስጥ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ሲኒዎች ተደርድረዋል፤ ቡናው የቀረበልን በሌላ ሲኒ ነው። ጥግ ላይ እንጀራ ቀርቦበት የማያውቅ መሶብ ቆሟል፤ ክዳኑን ብታነሱት የምታገኙት የስልክ ቻርጀርና የቆየ የጋዝ ደረሰኝ ነው። ይሄ ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ማንም ጠይቆ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም፤ የኔም ቤት እንደዚሁ ነው። ከስንጥር የማትበልጠው ብልቃጥ ግን ሥራ ፈትታ መገኘት የለባትም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዋሽ ነበር። «ቁልፌ በጨለማ ቢወድቅ በሷ አገኘዋለሁ» እላለሁ። ሰው በዚህ ይረካል፤ «ይሄማ ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ፖለቲካው ይመለሳል። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን ቁልፌን በጨለማ ጥዬ አላውቅም። የሚጠፋብኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ለሥራ አሥር ደቂቃ ሲቀረኝ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብልቃጧ ከማንኛውም የብርጭቆ ስባሪ አትለይም። ማታ ማታ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። እዚያ ሆና ለሳንቲሞቼ ታበራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብልቃጧ ከክብሪት እንጨት ትንሽ ወፈር ያለች፣ ቁመቷ ከሁለት ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ቱቦ ናት። በቀን ስታዩዋት ውስጧ ዱቄት የነካው ትመስላለች፤ እውነትም ዱቄት ነው፣ ፎስፈር የሚባል፣ በውስጠኛው ግድግዳዋ ዙሪያ የተለቀለቀ። ባዶ የሚመስለው መሀሏ ትሪቲየም በሚባል ጋዝ ተሞልቷል። ትሪቲየም የሃይድሮጂን ወንድም ነው። ተራው ሃይድሮጂን እምብርቱ ላይ አንድ ፕሮቶን ብቻ ይዞ በሰላም ሲኖር፣ ይሄኛው ሁለት ኒውትሮን ተጨምሮበታል፤ ሸክሙ ሲከብደው አንድ ኤሌክትሮን ወርውሮ ወደ ሂሊየምነት ይለወጣል። የተወረወረው ኤሌክትሮን አቅመ ቢስ ነው። በአየር ላይ እንኳ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ አይሄድም፤ ብርጭቆውን አልፎ መውጣት አይሆንለትም፤ ዱቄቱን ይመታና ዱቄቱ ይበራል። የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነበር፤ የኔዋ የምትሻለው ዜና ስለማታወራ ነው። በስዊዘርላንድ፣ በርን አጠገብ፣ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቋቋመ ድርጅት እንዲህ ያሉ ቱቦዎችን በሌዘር እየቆረጠና አፋቸውን እየደፈነ ይሠራል። ለእጅ ሰዓት የሚሆኑት ከስፌት መርፌ አይወፍሩም።

ይሄን ሁሉ ሳስረዳ ሰው ያዳምጠኛል። አዳምጦ ሲጨርስ፣ «ገባኝ። ግን ምን ታደርጋለች?»

አማቴ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሦስት ወር ይቀመጣሉ፤ የሚተኙት ከኮሪደሩ ጫፍ ባለችው ክፍል ነው። የቁልፍ መስቀያችን ደግሞ በራቸው ትይዩ ነው። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ሌሊት ለውኃ ሲነሱ አረንጓዴ ነገር ግድግዳው ላይ አፍጥጦ አገኙት። «በስመ አብ!» ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ። ጠዋት ቁርስ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ያቺን ነገር ማታ ማታ ብታጠፏት ምን አለበት?» አሉኝ።

«አትጠፋም እማማ።»

«ተበላሽታ ነው?»

«የለም፣ ማጥፊያ የላትም።»

«ቆጣሪው እኮ ይቆጥራል!»

ቆጣሪ የማያውቃት መሆኗን ለማስረዳት ሁለት ስኒ ሻይ ፈጀብኝ። ሲገባቸው ዝም አሉና፣ «ቆጣሪ የለው፣ ማጥፊያ የለው፣ አይሄድ፣ አይመጣ» ብለው ዳቧቸውን ቆረሱ። እኔ በዚህ ንግግር ብዙ ቀን ስገረም ኖርኩ። አገር ቤት መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ እንደ እንግዳ ነው። ሲሄድ የት እንደሄደ አይጠየቅም፤ ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች በአንድ አፍ «መጣ!» ብለው ይቀበሉታል። በመሀሉ ኩራዝ ነው። በቆርቆሮ ጣሳ ላይ የተበሳች ክዳን፣ የጨርቅ ክር፣ ላምባ፣ ጠዋት አፍንጫችሁን ስታጸዱ የሚወጣው ጥላሸት። ኩራዝ እንኳ እፍ ሲሏት ትጠፋለች። የኔዋን እፍ ብትሏት ጤዛ ትለብስና ማብራቷን ትቀጥላለች።

አሁን ስለ ጨለማ ትንሽ ላውራ። ትንሽ ነው ያልኩት።

ይቺን ብልቃጥ በወጉ ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል፤ ለንደን ውስጥ ደግሞ ጨለማ አይገኝም። አንድ ማታ የሳሎኑን አምፖል አጥፍቼ ተቀመጥኩ። የመንገዱ መብራት በመጋረጃው ገባ። መጋረጃውን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። የማይክሮዌቩ ሰዓት ኩሽናውን ሰማያዊ አድርጎታል፤ ነቀልኩት። ዋይፋዩ ላይ አራት ነጥቦች ይጠቃቀሳሉ፤ ነቀልኩት፤ ከፎቅ «ኢንተርኔት ሄደ!» የሚል ጩኸት መጣ። የቴሌቪዥኑ ቀይ ነጥብ፣ የጥርስ ብሩሹ ቻርጀር፣ ጣሪያው ላይ በየደቂቃው ጥቅስ የሚያደርገው የጭስ ማስጠንቀቂያ። ሁሉንም ጨርሼ ልቀመጥ ስል ጓሮ ቀበሮ አለፈች። ለንደን ውስጥ ቀበሮ እንደ ድመት ነው የሚዘዋወረው፤ ቀበሮ ባለፈ ቁጥር የጎረቤታችን የጓሮ መብራት ቦግ ይላል። ባለቤቴ ከደረጃው አናት ሆና በብርድ ልብስ የተጋረደውን መስኮት አየችና፣ «ምነው፣ ጦርነት ተነሣ?» አለችኝ።

ስለዚህ ከደረጃው ሥር ወዳለችው ዕቃ ቤት ገባሁ። እናንተም ቤት ትኖራለች፤ የመጥረጊያው ማሽን፣ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ፣ የልጆች ጫማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ለአገር ቤት» እየተባሉ የሚሞሉት ሻንጣዎች፤ እያንዳንዳቸው ሃያ ሦስት ኪሎ ለመድረስ የሚጾሙ። አንዱ ሻንጣ ላይ ተቀመጥኩ፣ የበሩን ሥር በፎጣ ደፈንኩ። ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ዓይናችን ውስጥ ሮዶፕሲን የሚባል ነገር አለ፤ ብርሃን ያፈርሰዋል፣ ጨለማ ደግሞ ቀስ እያለ መልሶ ያጠራቅመዋል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚታየው አንዲት አረንጓዴ ጭረት ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ጭረቷ ወፈረች። ሃያ ደቂቃ ላይ የሻንጣው ዚፕ ጥርሶች አንድ በአንድ ታዩኝ። ሃያ አምስት ላይ የመዳፌን መስመሮች አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በኒዮን መብራት ሥር የሠራሁ ሰው፣ በአንዲት ስንጥር ብርሃን መዳፌን እያገላበጥኩ አነበብኩ። ማውራት ፈልጌ ነበር። ዕቃ ቤት ውስጥ ለማን ይወራል?

በሃያ ዘጠነኛው ደቂቃ ልጄ በሩን ከፈተችው።

የኮሪደሩ መብራት ሊጥ እንደሚደፋ ተደፋብኝ። ግማሽ ሰዓት የተጠራቀመው በአንድ ሰከንድ አለቀ።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«እያየሁ ነው።»

«ምን?»

«ጨለማውን።»

ልጅ የሰማውን ይናገራል። «አባዬ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ጨለማ እያየ ነው» የሚለው ዜና ሳሎን ሲደርስ አማቴ ቡና ላይ ነበሩ። ምንም አላሉኝም። በማግስቱ ግን ገና በባዶ ሆዴ እያለሁ ከአገር ቤት ያመጡትን ጠበል በብርጭቆ ቀድተው፣ «ለሆድም ጥሩ ነው» ብለው ሰጡኝ። ጠጣሁ።

ይሄ ፍቅር የኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ ብዙ ነን፣ አብዛኞቻችን ሚስት ያለን ወንዶች። ብልቃጦቹ በብዙ ቀለም ይመጣሉ፤ አረንጓዴው ይበልጣል፤ የሰው ዓይን በደብዛዛ ብርሃን አረንጓዴውን አካባቢ አጥርቶ ስለሚያይ ነው። ሰማያዊውና ቀዩ ደካማ ናቸው። ቀዩን ገዝቼው ነበር፤ ያለሁበትን ዕቃ ቤት ቀርቶ ራሱንም በቅጡ አያሳይም። የባሰባቸው ደግሞ አሉ፤ የቢላቸው እጀታ ላይ በልዩ መሣሪያ ቦይ ቆፍረው፣ ብልቃጧን አስተኝተው፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሚደርቅ ማጣበቂያ ይደፍኗታል። የእጅ ባትሪያቸውንም እንደዚያው ያደርጋሉ። ለምን ብትሏቸው፣ ባትሪው በጨለማ እንዲገኝ ነው። መብራት ለመፈለግ የተቀጠረች መብራት ማለት ናት። እኔ ያን ያህል አልደረስኩም። ማለቴ ባትሪውን ገዝቻለሁ፤ ቦዩን አልቆፈርኩም።

የአባቴ ሰዓትም የዚሁ ዘመድ ነው። ከ6 ቁጥር ግርጌ፣ ጉንዳን በጻፈው በሚመስል ፊደል «ስዊስ» የሚል ቃል አለ፤ በግራና በቀኙ ደግሞ አንድ አንድ «ቲ»። «ቲ»ዋ ትሪቲየም ናት፤ ያን ጊዜ በብልቃጥ ሳይሆን ከቀለም ጋር ተለውሶ ቁጥሮቹ ላይ ይቀባ ነበር፤ ታላላቆቹ የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ተጠቅመውበታል። አባቴ ለኪዳን ሲነሳ ሌሊት በሷ ነበር ሰዓት የሚያየው፤ አምፖል ቢያበራ እናቴን ይቀሰቅሳል። ዛሬ ሰዓቱ እኔ ጋ ነው። ብርሃኑ ሞቶ ቀለሙ የተነጠረ ቅቤ መስሏል። ይሄን የቅቤ ቀለም ለማግኘት ከአዲሱ ይልቅ አሮጌውን አብልጠው የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ። የሞተውን ብርሃን ነው የሚገዙት፤ ግን «ምን ያደርጋል?» የሚላቸው የለም፤ ሰዓት ነው ይላሉ፣ ያልፋሉ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አንድ ቀን ነርስ የሆነች የባለቤቴ ጓደኛ ቁልፌን አንሥታ ሁሉንም ስትጠይቀኝ ቆየችና «እና ራዲዮአክቲቭ ነዋ?» አለች። እውነት ነው፤ ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። አማቴ «ምን አለች?» ብለው ባለቤቴን በዓይናቸው ጠየቁ። «ጨረር አለው ነው የምትለው» ተተረጎመ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቁልፍ መስቀያው ቦታውን ለቀቀ።

አስረዳሁ። ጨረሩ ብርጭቆውን አያልፍም፣ ቆዳንም አያልፍም፤ ቢሰበር እንኳ ጋዙ ቀላል ነውና መስኮት ከፍቶ ወጣ ማለት ነው አልኩ። «ይሰበራልም?» አሉ አማቴ። በሌላ በኩል መጣሁ፦ «እማማ፣ ትሪቲየም እኮ ዝናብ ውስጥም አለ። ኃያላኑ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የሃይድሮጂን ቦምብ ሰማይ ላይ ሲሞክሩ በመላው ዓለም ዝናብ ውስጥ ገብቷል። የአዲስ አበባን ዝናብ ራሱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እያጠራቀሙ ይለኩት ነበር። እርስዎ ልጅ ሆነው ጠጥተውታል።» አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኛ የጠጣነው» አሉ፣ «የገፈርሳን ውኃ ነው።»

ባለቤቴ ግን እንዲህ በቀላሉ አትታለፍም። «እነዚያ ሴቶችስ?» አለችኝ። ፊልም አይታ ነው።

እነዚያ ሴቶች የሚባሉት በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ኦሬንጅ ከተማ፣ ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፋብሪካ ተቀጥረው የሰዓት ቁጥር በራዲየም ቀለም ይቀቡ የነበሩት ናቸው። ብዙዎቹ ገና ጉብል ነበሩ። የብሩሹ ጫፍ እንዲሾል በከንፈራችሁ ሳቡት ተባሉ፤ ሳቡት። ምንም አይልም ተብለዋል። ጭፈራ ቤት ሲሄዱ ጥፍራቸውንም ጥርሳቸውንም በዚያው ይቀቡ ነበር፤ በጨለማ እንዲያበራ። በዚያው ፋብሪካ ኬሚስቶቹ ግን ራዲየሙን በእርሳስ መከለያና በመቆንጠጫ ነበር የሚይዙት። ራዲየም እንደ ካልሲየም አጥንት ውስጥ ይገባል፤ የሴቶቹ መንጋጋ መፈራረስ ጀመረ። በ1927 ግሬስ ፍራየርና አራት ጓደኞቿ ከሰሱ፤ በ1928 ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላርና በሕይወት እስካሉ በዓመት 600 ዶላር ተሰጣቸው። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 1,600 ዓመት ነው፤ የገባባቸው ራዲየም መቃብራቸው ውስጥም ሥራ ላይ ነው።

ለዚህ መልስ የለኝም። ቁልፌን ኪሴ ከተትኩ።

ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ናት፤ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ከዓመታት በፊት እዚህ ስትመጣ ብልቃጧን አይታ ወደደቻት። «ምን ታደርጋለች?» ያላለችኝ ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት፤ «እኔም ላኩልኝ» ብቻ ነው ያለችው። እንግሊዝ ውስጥ በግልጽ የሚሸጥ ነገር ነውና ልልክ ስል እስቲ ልጠይቅ ብዬ አነበብኩ። የአሜሪካ ሕግ ትሪቲየም ያለበትን ዕቃ ሰው ያለ ፈቃድ እንዲይዝ በተወሰነ ደረጃ ይፈቅዳል። የእጅ ሰዓት ይሁን፤ ኮምፓስ ይሁን። ለቧልት፣ ለመጫወቻና ለጌጥ ከሆነ ግን አይሆንም። የቁልፍ ማንጠልጠያ የገባው ከቧልት ወገን ነው። የሽጉጥ ማነጣጠሪያ ግን ይፈቀዳል።

ደግሜ ልበለው። ሽጉጥ አፍ ላይ የምትተከለው ብልቃጥ፣ ሰው በጨለማ ሰው እንዳይስት የምታበራው፣ እሷ ሥራ አላት። እህቴ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሯ ላይ ቆማ የምታያት ቧልት ናት። የሶፋው ጥያቄ ሕግ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ምን ታደርጋለች? ሽጉጥ ላይ ያለችው ግን ወዲያው መልስ አላት። ከዚያም በላይ አለ። ትሪቲየም የኒውክሌር ቦምብን ፍንዳታ ለማጠናከር ቦምቡ ውስጥ ይገባል፤ በየዓመቱ 5.5 በመቶ ያህሉ በራሱ ጊዜ ስለሚያልቅ ሲሞላ መኖር አለበት፤ ለዚህ ተብሎ ቴነሲ ውስጥ በአንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ከ2003 ጀምሮ ይመረታል። መንግሥት ለዚያ ገንዘብ ሲመድብ፣ ቧልት ነው ያለ አልተሰማም። ከተማ የሚያጠፋው ቁም ነገረኛ፣ በር የምታሳየው ቧልተኛ! ማን ነው ቧልተኛው?

እሺ። ተረጋጋሁ። ሕጉ ዝም ብሎ አልወጣም፤ ከኦሬንጅ ሴቶች በኋላ ጨረር ያለበትን ነገር ለጨዋታ አትስጡ የሚል ሰው ቢበዛ አይፈረድበትም። እኔም የሕግ ሰው አይደለሁም። ለእህቴ ሻማ ላክሁላት፤ ሽታ ያለው። አፍንጫዬን አሳከከኝ አለች።

ሰሞኑን ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ሆኗል። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ 12.3 ዓመት ነው። እኔ ብልቃጧን የገዛኋት በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዋጋዋንም ያን ጊዜ ለባለቤቴ ስነግራት ግማሽ ዕድሜ አሳልፌበት ነበር። ቁጥሩን አስሉት፤ ጋዟ ከግማሽ በታች ወርዷል። ዱቄቱም ራሱ ሲደበደብ ይደክማል። በቅርቡ ዕቃ ቤት ገብቼ ግማሽ ሰዓት ብጠብቅ የሻንጣው ዚፕ አልታየኝም። መዳፌም አልታየኝም። እንግዲህ ደከመች አልኩ። ከዚያ አንድ ሐሳብ ወጋኝ፤ ደከመች ወይስ ደከምኩ? የሰው ዓይን ብሌን በዕድሜ እየጠበበ ይሄዳል፤ የስድሳ ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የሃያ ዓመቱ ልጅ ከሚያስገባው ሲሶ ገደማ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ለስድሳ የቀረኝን አልናገርም። ትሪቲየምን በ1934 ካምብሪጅ ውስጥ ያገኙት የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድና ባልደረቦቹ የማያረጅ መስሏቸው ነበር፤ የሚያረጅ መሆኑ የታወቀው በ1939 ነው፣ ራዘርፎርድ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ። ታድሏል።

አዲስ ብልቃጥ ገዛሁ፤ ያው አረንጓዴ፣ ያው ቁመት። አሮጌዋንና አዲሷን ጎን ለጎን አድርጌ ባይ መልሱ ይታወቃል አልኩ። አይታወቅም። አዲሷ ትበልጣለች፤ ግን አዲሷም የድሮዋን ያህል አልሆነችልኝም። ወይም የድሮዋን አብዝቼ አስታውሳለሁ። ሌላ ዓይን ያስፈልገኛል። ልጄ «ፈተና አለብኝ» አለች፤ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና መልስ አልሰጠችኝም።

አማቴ እንደገና መጥተው ነበር። «ና እስቲ፣ እኔ ልይልህ» አሉ።

ከአማት ጋር በጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ በየትኛውም ወግ አልተጻፈም። ለሳቸው ሻንጣውን ለቅቄ እኔ መጥረጊያው ማሽን ላይ ተቀመጥኩ። ፎጣውን በሩ ሥር ወተፍኩ። ሁለቱን ብልቃጦች መደርደሪያው ላይ አስተኛኋቸው። የማወራው ጠፋኝ፤ ስለ ሮዶፕሲን ልጀምር ስል «ዝም በል እስቲ፣ እያየሁ ነው» አሉኝ። ዝም አልኩ። የሳቸው ትንፋሽ፣ ኩሽና ውስጥ የፍሪጁ ድምፅ፣ ከውጭ አውቶብስ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል።

«እማማ፣ የትኛዋ ናት የደከመችው?»

መልስ የለም። ተኙ መሰለኝ። ከዚያ አፍንጫቸውን ሳብ ሳብ ሲያደርጉ ሰማሁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ።

«አንተ፣ ይቺ የተቀመጥኩባት ሻንጣ የማን ናት?»

«አላውቅም እማማ። ለአገር ቤት የምትላክ ትሆናለች።»

«አምና ያመጣሁት በርበሬ እዚህ ውስጥ ነው ያለው!» ተነሡ፤ ዚፑን በእጃቸው እየዳሰሱ ይፈልጉ ጀመር። «ዓመት ሙሉ ጠፋ፣ የኤርፖርት ሰዎች ወሰዱት እየተባለ! አብራልኝ እስቲ፣ መብራቱን አብራልኝ!»

ሁለቱንም ብልቃጦች አነሣሁና ወደ ዚፑ አስጠጋኋቸው። አልታያቸውም። በሩን ከፈትኩት።